መስመሩ ራሱ ሲናገር

ቡሬ ዙሪያ አንድ ባሕር ዛፍ ነፋስ ጥሎት የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ቢያርፍ ወፍጮ ቤቱ ወዲያው ቀጥ ይላል። «መብራት ሄደ» ይባላል፤ አንዱ 905 ይደውላል። የመስመር ሠራተኛው ብልሽቱን ከፖል ፖል እያየ መፈለግ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፊደር የሚባለው ከማከፋፈያ ጣቢያ የሚወጣ መስመር በገጠር ረጅም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከጥገናው ፍለጋው ይበልጣል። ስማርት ግሪድ የሚባለው ይህን ማየትና መናገር ከደንበኛው ላይ አንሥቶ ለመስመሩ ለራሱ የሚሰጥ አሠራር ነው።

በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ ነገሩ የቆየ ነው። በማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ሲቲ የሚባሉት ትራንስፎርመሮች በመቶዎች የሚቆጠረውን አምፔር ወደ 1 ወይም 5 አምፔር አውርደው ለመለኪያ ያቀርቡታል። ንባቡ በብረት ምሰሶዎቹ ጫፍ በተዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጥ ባለ ፋይበር አዲስ አበባ ወዳለው የመቆጣጠሪያ ማዕከል ይጓዛል።

ከንባቦቹ ሁሉ የሚደንቀኝ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የውኃ ኃይል ማመንጫ በድምሩ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖች አሉት። አንዱ ድንገት ቢቆም 115 ሜጋ ዋት ይጎድላል፤ የቀሩት ማመንጫዎች ጭነቱ ከብዷቸው ዝግ ማለት ይጀምራሉ። ፍሪኩዌንሲውም ከ50 ኸርዝ ዝቅ ይላል፣ ያውም በፍኖተ ሰላም ወፍጮና በአዲስ አበባ ሊፍት ላይ እኩል። የሌሎች ተርባይኖች ፍጥነት ተቆጣጣሪ (ጋቨርነር) በሴኮንዶች ውስጥ ተጨማሪ ውኃ ይለቃል። ካልበቃ ሪሌ የሚባሉት መከላከያ መሣሪያዎች የተወሰኑ ፊደሮችን ቆርጠው የቀረውን ያድናሉ። ይህን ፍጥነት ሰው ተደዋውሎ አይደርስበትም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ በ13 ተርባይኖች እስከ 5,150 ሜጋ ዋት ስለሚያመነጭ ደግሞ የአንዱ ተርባይን መቆም ከበለሱ እጅግ ይከብዳል።

ማየት ብቻውን ግን አያድንም። በ2003 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት መስመሮች ረግበው ዛፍ ነኩ። መለኪያው ነበር፣ ግንኙነቱም ነበር፤ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ግን ማንም ሳያውቅ ቆሞ ነበር። ኦፕሬተሮቹ ሁሉ ደኅና መስሏቸው ሲቆዩ፣ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ጨለማ ዋጠው።

የእኛ ጉድለት የሚበዛው ከማከፋፈያ ጣቢያው ወዲህ፣ እስከ ገበሬው ቤት ባለው መስመር ላይ ነው። በእኔ እምነት ከዘመናዊ ቆጣሪ በፊት ረጃጅሞቹ ፊደሮች ሪክሎዘር ያስፈልጋቸዋል። ይህ መሣሪያ ብልሽት ሲያይ ይቆርጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ይሞክራል፤ መስመሩን የነካው ቅርንጫፍ ከላዩ ተላቆ ከሆነ መብራቱ ይመለሳል፣ ካልሆነ እንደቆረጠ ይቆልፋል። ሰው ፖል ላይ ሲወጣ ግን ሙከራው አስቀድሞ መዘጋት አለበት፤ በዚህ ላይ ቸልታ ነፍስ ያጠፋል።

ፋይበር በየእንጨት ፖሉ መዘርጋት ውድ ስለሆነ ሪክሎዘሩ መቁረጡን የሚናገርበት መልእክት በሲም ካርድ ሊላክ ይችላል። ለዚህም መሣሪያው የራሱ ባትሪ ይኑረው፤ የቴሌ ማማውም እንዲሁ። መልእክቱ የሚፈለገው መብራት በጠፋ ሰዓት ነውና።