ክረምትን በውጭ አገር በበጎ ፈቃድ፦ ከመሄዳችን በፊት ምን እንጠይቅ?

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሲቃረብ በየዶርሙ አንድ ወሬ ይናፈሳል። «ውጭ አገር ሄዶ በበጎ ፈቃድ እያገለገሉ ክረምቱን ማሳለፍ ይቻላል፤ ፎርም ሙሉ፣ ክፍያ ላኩ» የሚል ነው። ወሬው እውነትም አለው፣ ወጥመድም አለው። ስለዚህ አጀማመሩን፣ ሕጉንና መመዘኛውን በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

ከየት ተጀመረ?

የዕረፍት ጊዜን ድንበር ተሻግሮ በነጻ ለመሥራት ማዋል ሥር የያዘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ፒየር ሴሬሶል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በ1920 እ.ኤ.አ. ከተለያዩ አገሮች የመጡ ፈቃደኞችን ይዞ በፈረንሳይ ቨርዱን አካባቢ ጦርነቱ ያፈረሰውን መንደር ለመጠገን ሄደ። ትናንት የተዋጉ ሕዝቦች ልጆች አንድ ላይ አካፋ ያዙ።

አገራችንም ይህን ታውቀዋለች። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት መጥተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። የመጡት ለሁለት ሳምንት ሳይሆን ለሁለት ዓመት ነበር። የራሳችን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር።

እንጦጦ ምን ያስተምረናል?

አጭር አገልግሎት ምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከላያችን ካለው ተራራ ይገኛል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመናምኖ ስለነበር ባሕር ዛፍ ከውጭ መጣ። ቶሎ የሚያድገው ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አወጣት። ነገር ግን ውኃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ዕፅ እንደ ልብ ስለማይበቅል አፈሩ በጎርፍ ይታጠባል። እናቶቻችንና እህቶቻችንም ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ኖረዋል። ከእነርሱ መካከል በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና የዞሩ አሉ።

ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር 1,300 ሄክታር በሚሆን የእንጦጦ መሬት ላይ ባሕር ዛፉን በጽድ፣ በኮሶ፣ በወይራና በመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች ለመተካት ሲሠራ ቆይቷል። እዚህ ላይ ትልቁን ትምህርት እናገኛለን፦ ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማጽደቅ ግን የዓመታት። በሐምሌ የተተከለውን በየካቲት ፀሐይ ማን ያጠጣዋል? ከከብት ማን ይጠብቀዋል? ከተከልነው ዛፍ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ሲመገብ ሰደቃ እንደሚሆንልን ከሐዲስ እናውቃለን። ለዚያ ግን መጀመሪያ ችግኙ መጽደቅ አለበት። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ሰው ጥቅም የሚሰጠው እዚያው የሚቆዩ ሰዎችን ሥራ ሲያግዝ ነው። ውጭ አገር ስንሄድም መለኪያው ይኸው ነው።

ፎርም ከመሙላታችን በፊት

አንደኛ፣ ሥራው ምንድን ነው? ከሄድን በኋላ ማን ይቀጥለዋል? ያገሩ ሰው ተቀጥሮ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ከሆነ የምንይዘው፣ እንጀራ ቀማን እንጂ አላገዝንም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የት ይገባል? ለመኝታ፣ ለምግብና ለኢንሹራንስ ክፍያ መጠየቅ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ሆኖም ዝርዝሩን በጽሑፍ እናስልክ። በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ አስገቡ ከተባልን እዚያው እናቁም።

ሦስተኛ፣ ቪዛው ይፈቅዳል? ለምሳሌ በእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ የያዘ ሰው በነጻ ማገልገል የሚችለው በተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ፣ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው። «ክፍያ የለውም» ማለት «ፈቃድ አያስፈልገውም» ማለት አይደለም።

አራተኛ፣ ደመወዝ አለው? ወርኃዊ ደመወዝ ተስፋ የሚሰጥ ጥሪ በጎ ፈቃድ ሳይሆን ቅጥር ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት የሚመራው በአዋጅ ስለሆነ፣ የሚልከን ኤጀንሲ ፈቃድ ያለው መሆኑን እናጣራ። ፓስፖርታችንን «እኛ ጋ ይቀመጥ» ለሚል ማንም ሰው አንስጥ።

አምስተኛ፣ ዲናችንን ይዘን መኖር እንችላለን? ስለ ሐላል ምግብ፣ ስለ ሶላት ሰዓት፣ ስለ ጁምዓ፣ ለእህቶች ስለተለየ መኝታ አስቀድመን በግልጽ እንጠይቅ። በትህትና የተጠየቀ ጥያቄ አያሳፍርም፤ ደህና አዘጋጅም በደስታ ይመልሳል።

ከየት እንጀምር?

በመንግሥታት የተቋቋሙ፣ የታወቁ በሮች አሉ። የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ጓድ በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ አፍሪካውያንን ከአገራቸው ውጭ ያሰማራል፤ ኅብረቱም መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምም ዋና ጽሕፈት ቤቱ ቦን፣ ጀርመን ይገኛል። ሁለቱም የክረምት ሽርሽር አይደሉም፤ ጊዜና ሙያ ይጠይቃሉ።

እስከዚያው ሠርተን የምናሳየው ነገር ይኑረን። ዘንድሮ በሐምሌ እንጦጦ ላይ የተከለ ጀመዓ በኅዳርም፣ በየካቲትም ተመልሶ ችግኙን ቢያይ፣ ስንት እንደጸደቀም ቢመዘግብ፣ ያ መዝገብ ከማንኛውም ሰርተፊኬት በላይ ይመሰክርለታል። ችግኝም፣ የሰው አገር ሕዝብም አማና ነው። አላህ ኒያችንን ያሳምርልን፣ ሥራችንንም ይቀበለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።