ሥዕሉ ዘመተ፣ ሠዓሊው አልተጻፈም

ከጎንደር በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ዛሬ የሚመላለሰው ሰሊጥ የጫነ መኪና ነው። በ1736 ዓ.ም. ግን ዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ በስናር ላይ ዘምተው ወደዚህ ቆላ ወርደዋል። ከጦራቸው ጋር «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለውን፣ የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ የሚታይበትን ሥዕል አስይዘው ነበር። በድንድር ወንዝ አጠገብ የስናሩ ንጉሥ የባዲ ሠራዊት ድል አደረጋቸው። ሥዕሉም ተማረከ።

ይህን ጽፈው ያቆዩልን የጎንደር ቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። ሥራው በአብዛኛው የጸሐፌ ትእዛዙ ነበር። የንጉሡን ደብዳቤና አዋጅ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ዜና መዋዕሉንም በግዕዝ ያቀናብራል። የዐፄ በካፋን ታሪክ የጻፈው ጸሐፌ ትእዛዝ ሲኖዳ ነው። የምኒልክን የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ማዕረጉ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቋል።

ዜና መዋዕሉን የሚያነብ ሰው ንጉሡ የት እንዳደረ፣ ማን እንደተሾመና እንደተሻረ፣ የትኛው ደብር እንደተተከለ ያገኛል። የሠዓሊ ስም ማግኘት ግን ብርቅ ነው። በፋርስ ነገሩ ሌላ ነበር። የሻህ አባስ ታሪክ ጸሐፊ እስክንድር ቤግ ሙንሺ እ.ኤ.አ. በ1629 በጨረሰው መጽሐፉ ሠዓሊዎችንና የእጅ ጽሕፈት ባለሙያዎችን በስም ቆጥሯል። ሠዓሊው አቃ ሪዛ ከጥበበኞች ሸሽቶ ከትግል ተጫዋቾች ጋር እንደሚውል ሳይቀር ጽፏል፤ ሐሜት ብትሉትም አያስከፋኝም።

የእኛዎቹ ዝም ያሉት ሥዕል ንቀው አይመስለኝም። ሥዕሉ የሚጻፈው የንጉሥ ሥራ ሲሠራ ነው፦ መሐላ ሲማልበት፣ ጦር ሜዳ ሲወርድ፣ ሲማረክ፣ ሲመለስ። ስሙ የሚቆየውም የአሠሪው ነው። በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። አሠሪዋ ይኸው እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ ሠዓሊው ማን ነበር?

ኵርዓተ ርእሱ በቤዛ ወርቅ ተዋጅቶ ጎንደር ሲገባ ታላቅ ደስታ ሆነ። ወርቁ 8,000 ወቄት ነበር የሚለው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ራሱ የመተማው ቆላ የራስ አልፊል ገዥ ተብሎ ተሹሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1772 ከአገር ሲወጣም ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ በዚያ የነበረውን ሥዕል የወሰደው ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ እንዲመለሱላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ። አንድ ክብረ ነገሥት መጣላቸው። ሥዕሉ የት እንዳለ አይታወቅም ተባለ፤ ሆልምስ ግን በእጁ ይዞት ዝም ብሎ ነበር። ዮሐንስ ሥዕሉን ሳያገኙ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ።

ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 አንድ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ገዛው፤ ከዚያ ወዲያ በፖርቱጋል በግል እጅ ቆይቷል። ባለሙያዎች የፍላንደርስ ወይም የፖርቱጋል ሰው ሥራ ነው ይላሉ። የሠዓሊው ስም እዚያም አልተገኘም።