ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት ስለ መለወጡ

የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። በይፋግ ገበያ ቅቤ የሚገዛ ሰው መዓዛውንና መልኩን አይቶ በዋጋው ይከራከራል እንጂ፥ ቅቤው ከተበላ በኋላ በሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ቅባት የነካውን ልብስ ውኃ ብቻውን አያጠራውም፤ እንዶድ ያስፈልገዋል። በአንጀታችንም ውስጥ ቅባትን የሚበታትነው እንዶድ ሐሞት ነው። የሚያስደንቀው ግን ጉበት ይህን እንዶድ የሚሠራው ከራሱ ከቅባት ወገን፥ ኮሌስትሮል ከሚባለው ነገር መሆኑ ነው።

ኮሌስትሮል እንደ ሰም ያለ፥ በውኃ የማይሟሟ ነገር ነው። ከሥጋ፥ ከቅቤና ከእንቁላል ይገኛል፤ ጉበትም ራሱ ስለሚሠራው በጾም ወራት እንኳ ከሰውነታችን አይታጣም። ለሰውነት አስፈላጊ ቢሆንም፥ እንደ ሌላው ቅባት ተቃጥሎ ኃይል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጉበት ኦክሲጅን እየጨመረበት፥ ጫፉንም እያሳጠረ ወደ ሐሞት አሲድ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ አንደኛው ወገኑ ከውኃ፥ ሁለተኛው ከቅባት ጋራ የሚስማማ ይሆናል። የእነዚህን አሲዶች አሠራር የመረመረው ጀርመናዊ ሊቅ ሃይንሪሽ ቪላንድ፥ በአውሮጳ አቆጣጠር የ1927 ዓመት የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተሰጥቶታል።

ሐሞቱ በከረጢቱ ተከማችቶ ይቈይና ቅባት ሲበላ ወደ አንጀት ይፈሳል። ሥራውን ሲፈጽም ከአሲዱ ከመቶው 95 ያህሉ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ በቀን ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ከዓይነ ምድር ጋራ ይወጣል። ጉበትም የጐደለውን ለመሙላት ሌላ ኮሌስትሮል ይለውጣል። ገብስና ጥራጥሬ በአንጀት ውስጥ ሐሞቱን ይዘው ስለሚያስወጡ፥ ጉበት ከደም የሚወስደው ኮሌስትሮል ይበዛል። እንግዲህ የገብስ ቂጣና ሽሮ የድኻ ምግብ ናቸው ተብለው ከጌቶች ማዕድ ሊርቁ አይገባም።

ኮሌስትሮሉ በዝቶ የሐሞቱ አሲድ ሊያሟሟው ካልቻለ ግን፥ በከረጢቱ ውስጥ ረግቶ ጠጠር ይሆናል። ጠጠሩም መንገዱን ሲዘጋ፥ ይልቁንም ጮማ ከተበላ በኋላ፥ ከቀኝ ጐድን በታች ጽኑ ሕመም ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ቀኝ ትከሻ ይዘልቃል። ይህን «ምግቡ አልተስማማውም» ብሎ ማለፍ ወይም ኮሶ ማጠጣት አይጠቅምም። ትኩሳት ከተጨመረበት ወይም ዓይን ብጫ ከሆነ፥ ሕመምተኛውን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ የቤተ ሰብ ግዴታ ነው።

አበው ቈራጡን ሰው «ሐሞተ ኮስታራ» ማለታቸው ለዚህ መራራ ፈሳሽ የሰጡትን ክብር ያሳያል። እኛም በማዕዳችን ልክ በማወቅ ጉበታችንን እናግዘው።