የእናት ድምፅ ያለበት ካሴት

ሰሞኑን አሮጌ ቴፕ ፈላጊው በዝቷል። ካፌ የሚከፍቱ ወጣቶች ለመደርደሪያ ጌጥ ይወስዱታል። ፎቶ ቤቶች ዳንቴል ካለበሱት ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ጎን ያቆሙታል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናቸው ደንበኞቼ ደግሞ ቁልፉን ተጭነው ያንን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ለመስማት ብቻ ዋጋ ይጠይቃሉ። ናፍቆቱ ይገባኛል። ቴፕና ሬዲዮ ጠግኜ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝና ዕቃው ሲከበር ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰው ሳጥኑን እየናፈቀ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ካሴት ረስቶታል። ሳጥኑ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል፤ በቤት ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ግን ከዚያች ካሴት በቀር የትም የለም።

የዘፈን ካሴት ማለቴ አይደለም። የሙዚቃ ቤት ካሴት በብዙ ቅጂ ስለተሸጠ የእናንተ ቢበላሽ የጎረቤት ይተርፋል። እኔ የምለው የሠርጉን ጭፈራ፣ የአያትን ተረት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሰው እጅ ባሕር ተሻግሮ ይላክ የነበረውን የድምፅ ደብዳቤ ነው።

የካሴት ነገር የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስ፣ ሉ ኦተንስ በሚባል መሐንዲስ በሚመራ ቡድን የሠራውን ካሴት በርሊን በተካሄደ የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው የአሠራሩን ፈቃድ ለሌሎች አምራቾች ያለ ክፍያ ለቀቀ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጃፓኖች ሠሩት፣ ጀርመኖች ሠሩት፣ ሁሉም በአንድ ልክ ሠሩት። ስለዚህ ዋሽንግተን የተቀዳ ካሴት ደሴ ላይ፣ ጅዳ የተቀዳውም ጎንደር ላይ ይሰማ ነበር። ክሩ በሁሉም ቴፕ ላይ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ዕቃው መብራት ባልገባበት አገር በድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣን ጥቂት ዘፈን እንጨምርበት እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ታስታውሳላችሁ።

ለፊደል ያልታደለች እናት ከዚያ በፊት ለልጇ መልእክት የምትልከው በጸሐፊ በኩል ነበር። የሰፈር ተማሪ ይጠራል፣ ወረቀት ይዘረጋል፣ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። ጸሐፊው ቃሏን ወደ ደብዳቤ ወግ ይለውጠዋል። አፍሮ የሚተወው አለ፣ እሷም በሰው ልጅ ፊት የማታወጣው አለ። ቴፕ ሲመጣ ከእናትና ከልጅ መካከል ጸሐፊው ወጣ። በእኔ እምነት በዘመናችን ከገቡት የቤት ዕቃዎች ውስጥ ለእናቶቻችን እንዲህ ያለ ውለታ የዋለ የለም።

እነዚህን ካሴቶች ስሰማ አጀማመራቸው አንድ ዓይነት ነው። "ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን" ብለው እንደ ደብዳቤ ይጀምራሉ፤ ድምፁ ግትር ነው፣ ተናጋሪዋ ቴፑን ፈርታዋለች። ጥቂት ቆይቶ ይፈታል። ጎረቤት ሰላምታ እንዲልክ ይጠራል፣ ልጆች "እኔ ልናገር" እያሉ ይገፋፋሉ፣ ቡና ሲወቀጥ ይሰማል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ "ተይ፣ ሆዱን አታባቢው" ትላለች። ብዙዎቹ የተቀዱት በዘፈን ካሴት ላይ ነው። የታተመ ካሴት እንዳይቀዳበት ከጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ተሰብረው ይመጣሉ፤ ሰው ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በፕላስተር ደፍኖ ይቀዳበታል። ስለዚህ ላዩ ላይ የዘፋኝ ፎቶ ያለበት ካሴት ሁሉ ዘፈን ነው ብላችሁ እንዳትጥሉ። ቀዳዳው ከተደፈነ ውስጡ የቤተ ሰብ ድምፅ ሊኖር ይችላል።

በቅርቡ አንድ ጎልማሳ እንዲህ ያለውን ካሴት አመጣ። እናቱ አርፈዋል። ካሴቱን በ1980ዎቹ የላኩት ውጭ አገር ለነበረው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ወንድሙ ባለፈው ሲመጣ ይዞት ገባ። "ጋሼ፣ ክሩ ሞቷል መሰለኝ፤ ድምፁ ታፍኗል" አለኝ። ከፈትኩት፤ እውነትም ሴትዮዋ ከብርድ ልብስ ስር የሚናገሩ ይመስላል። ክሩ ግን አልሞተም።

ድምፁን የሚያነበው ክፍል፣ እኛ ሄድ የምንለው፣ መሐሉ ላይ በዓይን የማይለይ ስንጥቅ አለው። ስንጥቁ ክሩን ቀጥ ብሎ ማቋረጥ አለበት። ካሴቱን የቀዳው ቴፕ ሄዱ በጥቂቱ ዘሞ ከነበረ በክሩ ላይ የሰፈረው ድምፅም አብሮ ዘሟል። ሌላ ቴፕ ሲያነበው መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፀ። ከሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በዝግታ ማዞር ነው፤ እንቅስቃሴው ሩብ ዙር እንኳ አይሞላም። ወደ ግራ ሳዞራት ባሰበት፣ ወደ ቀኝ ስመልሳት መጀመሪያ የክሩ ሽውታ መጣ፣ ቀጥሎ እናትየው ጥርት ብለው "ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ" አሉ። "ሹራብ ነው እንዴ ያለችው!" አለ ልጃቸው። ደጋግሞ ሰምቶት ነበር፤ ቃሉን ግን ለይቶት አያውቅም። ብሎኗን እዚያው አቁሜ ከዳር እስከ ዳር ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩለት፣ ከዚያ ወደ ቦታዋ መለስኳት።

ሌላም "ሞተ" እየተባለ የሚጣል አለ። ካሴቱ ውስጥ ክሩን ወደ ሄዱ የሚገፋ፣ በቀጭን የብረት ስፕሪንግ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ስፖንጅ መሳይ ነገር አለ። ሙጫው ሲደርቅ ይወድቃል፤ ድምፁም ይርቃል፣ ይወዛወዛል። ክሩን ወደ ሌላ ጤነኛ ቀፎ ማዛወር ነው፣ ሥራው ከባድ አይደለም። በጣም የምጠነቀቀው ረጅሙን ካሴት ነው። የባለ 60 ደቂቃ ካሴት ክር ውፍረት 18 ማይክሮን ገደማ ሲሆን የባለ 90 ወደ 12፣ የባለ 120 ደግሞ ወደ 9 ይወርዳል። ብዙ ለመናገር ሲባል የተመረጠው ረጅሙ ካሴት ቶሎ የሚጨማደደውና ቶሎ የሚበላው ነው።

ከክሩ ይልቅ ፈጥኖ እያለቀ ያለው ማጫወቻው ነው። ውስጡ ያለው ቤልት ይለጠጣል፣ ድምፁ ይጎተታል፤ አንዳንዱ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይለጠፍና ሞተሩን ያስራል። ክሩን የሚጎትተው ጎማ ሲደርቅ ካሴት መብላት ይጀምራል። ሶኒ በአገሩ በጃፓን የካሴት ዎክማን ማምረት ያቆመው በፈረንጆች 2010 ነው። ዛሬ አዲስ ተብለው ከሚሸጡት አብዛኞቹ ፍጥነታቸው የማይረጋ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው። ደህናው ዕቃ በየቤቱ ያለው አሮጌው ነው። እሱንም ሆዱን አውጥተው ብሉቱዝ ሲያስገቡበት፣ ሄዱና ሞተሩ ቆሻሻ ላይ ሲጣል አያለሁ። ይህን እንድሠራ የሚጠይቁኝን አልቀበልም። ለጌጥ የሚሆን የሞተ ቴፕ ሞልቷል፤ የሚሠራውን ለሚያጫውትበት ተዉለት።

(እኔ ራሴ ስለ እነዚያ ዕቃዎች የሚናፍቀኝ አንድ ነገር ቢኖር በብሎን የተዘጉ መሆናቸው ነው። በአንድ ካቻቢቴ ይከፈታሉ፤ የአንዳንዱ ሬዲዮ የመስመሩ ንድፍ ከጀርባ ክዳኑ ውስጥ ተለጥፎ ይገኝ ነበር። ሠሪው ጠጋኙን ያስብ ነበር።)

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ፣ ያልተሞከረ ቴፕ ውስጥ አታስገቡት። መጀመሪያ ቢበላ የማትቆጩበትን ካሴት አጫውቱበት፤ ሄዱንና ጎማውን በአልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ። ካሴቱን ሳታጫውቱ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት፣ ዓመታት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ይያያዛልና። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ግን ጨርሶ አታንቀሳቅሱት፤ ለባለሙያ ስጡት። ሲገለበጥ በሽቦ ቢሆን ይመረጣል፤ ስልክ ስፒከር ላይ ደግኖ መቅዳት የመጨረሻው አማራጭ ነው፣ ከምንም ግን ይሻላል። ቅጂውን ለእህት ለወንድም ሁሉ ላኩ፤ ዋናውንም ከስፒከርና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት አርቃችሁ አስቀምጡት እንጂ አትጣሉት። ከዚያ ታላላቆቻችሁን አስቀምጡና አብራችሁ ስሙት፤ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ የቱ ቤት እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀዳ ጻፉ። ድምፁን የሚለዩት ሰዎችም ዕድሜ እየገፋ ነው።

እኔ ዘንድ ማምጣት የለባችሁም፤ በሰፈራችሁ ካለ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት። ብቻ ለከርሞ አታቆዩት፤ ይህን ሥራ የምንችል ሰዎች ቁጥራችን በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፣ ከሥራችን የሚማር ወጣትም እምብዛም የለም።