አሞክሳሲሊንና ሰዓቱ

ጠዋት የተረሳውን አሞክሳሲሊን ማታ ሁለት አድርጎ የሚውጥ ብዙ ነው። ጉድለቱ ግን እንዲህ አይሞላም። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የሚያሸንፈውም በአንድ ጊዜ በዝቶ በመግባት ሳይሆን፣ ባክቴሪያውን ለመግታት ከሚበቃው መጠን ሳይወርድ ረጅም ሰዓት በመቆየት ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ» ሲባል እንግዲህ በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው፤ ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ይወሰዳል።

ሰዓት ለምን ያስፈልገዋል? ባክቴሪያ እንዳይፈነዳ የሚጠብቀው ጠንካራ ግድግዳ አለው፤ ሲያድግና ሲከፈልም ይህንኑ እየፈታ ይሠራዋል። አሞክሳሲሊን የግድግዳውን ክሮች የሚያስተሳስሩትን ኢንዛይሞች ይይዝበታል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ውኃ ይገባል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። ግድግዳ በመሥራት ላይ ያልሆነ ባክቴሪያ ግን እምብዛም አይጎዳም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ሥራውን እስኪጀምር በቦታው መቆየት አለበት። የእኛ ሕዋስ ይህ ግድግዳ የለውም፤ ቫይረስም እንዲሁ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ ቫይረስ ለሚያመጣው ጉንፋን መዋጡ ገንዘብ ከማባከንና ሆድ ከማስቸገር በቀር ፋይዳ የለውም።

የልጆቹ ሽሮፕ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዱቄት መልክ ነው የሚመጣው። ጠርሙሱን ነቅንቆ ዱቄቱን ማላቀቅ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በከፊል ጨምሮ መበጥበጥ፣ አረፋው ሲወርድ እስከ ምልክቱ መሙላት። አረፋውን ከውኃ ቆጥሮ ያቆመ ሰው ለልጁ የሚሰጠው ከታዘዘው የጠነከረ ነው። መድኃኒቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በየጊዜው ይነቀነቃል፤ የሚለካውም አብሮት በመጣው መለኪያ እንጂ በሻይ ማንኪያ አይደለም።

አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘመድ ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ ያበጠ፣ ሽፍታ የወጣበት ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር መውሰድ የለበትም። መድኃኒቱን ጀምሮ ፊቱ ወይም ምላሱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ስንት ቀን የሚለው እንደ በሽታው ይለያያል። ስትሬፕቶኮከስ ለሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም የተለመደው 10 ቀን ነው፤ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ቢጠፋም ባክቴሪያው ካልጸዳ የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ትኩሳቱ አንዴ ለያዘው ሰው ደግሞ ሐኪሞች የሚያዙት የአሞክሳሲሊንን ዘመድ ቤንዛቲን ፔኒሲሊንን ነው። ከጡንቻ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚፈስ መርፌው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ብቻ ይወጋል፤ ለዓመታት።