ከጥገና በኋላ የሚታወክ ሞተር፤ ባለንብረቱ ነጋዴ ምን ማድረግ ይገባዋል?

መኪና ለንግድ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አስመጪው ዕቃውን ከጅቡቲ ወደብ የሚያነሣው፣ ላኪው ቡናውንና ሰሊጡን ወደ ወደብ የሚያወርደው፣ ባለሱቁም ከመርካቶ የገዛውን ወደ መደብሩ የሚያደርሰው በመኪና ነው። መኪናው የቆመ እንደ ሆነ የሹፌሩ ደመወዝ፣ የባንኩ ወለድና የመጋዘኑ ኪራይ አብረውት አይቆሙም። ስለዚህ ሞተር ታድሶ ሥራው ያልቀና እንደ ሆነ፣ ኪሣራው ለጋራዡ ከተከፈለው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ ኪሣራ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ስሕተቱ ምልክት ከሰጠ በኋላ መኪናው በመነዳቱ ነው። በደንብ ያልተሠራ ሞተር ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ሕመሙን ይናገራል። በዚያን ጊዜ ወዲያው ያቆመና ማስረጃውን የያዘ ባለንብረት ሞተሩንም መብቱንም ያድናል፤ «እስኪ ይህን ጭነት ብቻ ላድርስ» ያለ ግን ሁለቱንም ለማጣት የተቃረበ ነው።

ምልክቶቹና ትርጕማቸው

የመጀመሪያው ምልክት ሙቀት ነው። በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ የሚባለው የሞተር ራስ ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኘው በመካከላቸው በሚገባ ጓርኒሲዮን ነው። ቴስታታው ቀደም ሲል በሙቀት ተጣሞ ሳለ በቶርኖ ቤት ሳይላግ የተገጠመ እንደ ሆነ፣ ወይም ብሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር በተራና በየደረጃው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ያልጠበቁ እንደ ሆነ፣ ጓርኒሲዮኑ እኩል አይታመቅም። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ አይበልጥም። ይህን ያህሉን ዐይን አያየውም፤ በቀጥተኛ የብረት ማስመሪያና በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ ብቻ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሥራ መኪናው ባዶውን በከተማ ሲነዳ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ከአዋሽ ቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ግን ይጋለጣል።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ የሚያመጣውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩ ውሃ በሥራ ላይ ሳለ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ያረጀ እንደ ሆነ፣ ወይም ከጥገናው በኋላ ውሃ ሲሞላ በውስጡ አየር ታፍኖ የቀረ እንደ ሆነ፣ በሚገባ የተሠራ ሞተር እንኳ ይፈላል። ክዳኑን መመርመር ቴስታታውን ከማስፈታት መቅደም አለበት።

ጓርኒሲዮኑ ያልያዘ እንደ ሆነ ግን ምልክቶቹ ሌሎች ናቸው። ወደ ውጭ የሚፈስ ሳይታይ ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ ቱቦ ይወጠራል፤ በውሃው ውስጥ አረፋ ይታያል፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ከማርሚታው የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ይወጣል። በብርድ ጧት ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ እንፋሎት ግን ከሕመም አይቈጠርም።

ሁለተኛው ምልክት የዘይት ግፊት ማነስ ነው። የዘይቱ መብራት የበራ ወይም ከሞተሩ ሥር ከባድ የመቀጥቀጥ ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ብሮንዚኖቹ በልካቸው እንዳልገቡ ወይም የዘይቱ መተላለፊያ በቆሻሻ እንደ ተዘጋ ያስጠረጥራል። ይህ ለአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የሚታለፍ አይደለም። ዘይት ያጣ ብሮንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተበልቶ የሞተሩን ዋና ዘንግ ያበላሻል።

ሦስተኛው ምልክት የጢሱ ቀለም ነው። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያስታውቃል። አዲስ ፋሻ የገባለት ሞተር እስኪላመድ ድረስ ጥቂት ዘይት ቢበላ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ካልቀነሰ ግን ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎማው በደንብ አልተገጠመም ማለት ይሆናል። በናፍታ ሞተር ጥቁር ጢስ ነዳጁ ከአየሩ መብዛቱን ስለሚያሳይ፣ አስቀድሞ የአየር ማጣሪያው፣ ቀጥሎም የናፍታው ፖምፓ አቀማመጥ ይመረመራል።

አራተኛው ምልክት የጕልበት ማነስና በችግር መነሣት ነው። የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ቺንጋ ወይም ሰንሰለት በአንድ ጥርስ ስቶ ቢገጠም ሞተሩ ይደክማል፤ ከዚያ በላይ የሳተ እንደ ሆነ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ አልነሣ ያለን ሞተር በመግፋትና በመጎተት ማስገደድ ክፉ ልማድ ነው።

ምልክት የታየ ዕለት

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እንዲበርድ ይጠብቅ። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ሰውን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጭነቱ በሌላ መኪና ይዛወር፤ የማዛወሪያው ኪራይ ቢከብድም ከአዲስ ሞተር ይረክሳል።

ከዚህ በኋላ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የታየውም ምልክት ይጻፍ፤ የሰሌዳው መብራት፣ የዘይቱ መልክና የጢሱ ቀለም በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ። ዋናው ጥንቃቄ ግን ሥራውን የሠራው ጋራዥ ሳያውቅ ሌላ መካኒክ ሞተሩን እንዳይፈታ ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ የተፈታ ሞተር ምስክርነቱን ያጣል፤ የመጀመሪያው ጋራዥም «እኔ እንዲህ አድርጌ አልገጠምሁም» ለማለት በር ይከፈትለታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 እንዲህ ያለውን ሥራ የሚቀበል ሰው በራሱ ኀላፊነት የታወቀ ውጤት ለማስገኘት የተዋዋለ መሆኑን ይደነግጋል። በሌላ በኩል በቁጥር 1772 መሠረት አንደኛው ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ስለዚህ የታየውን ጉድለት በጽሑፍ አስታውቆ፣ ሞተሩ በሁለቱ ወገኖች ፊት እንዲፈታ ቀን መቍረጥ ይገባል። ስምምነት የጠፋ እንደ ሆነ በሁለቱም የታመነ ሦስተኛ ባለሙያ ቢገኝ መልካም ነው።

ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የየሲሊንደሩ የጭመቃ ግፊት ይለካ። በዚህም ከፍታው ይታሰብ። የአምራቹ መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ወለል ስለ ሆነ፣ በስስ አየር በአዲስ አበባ የተለካው እስከ ሩብ ያህል ዝቅ ቢል አያስገርምም። የሚያስፈርደው ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ነው፤ አንደኛው ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚበልጥ ቅናሽ ያሳየ እንደ ሆነ ጉድለቱ እዚያ ይፈለጋል።

መለዋወጫውን ማን ገዛው?

በእኛ ዘንድ ባለንብረቱ ራሱ ሶማሌ ተራ ወርዶ መለዋወጫ መግዛቱ የተለመደ ነው። ዋጋ ይቀንስለት ይሆናል፤ ነገር ግን ኀላፊነቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ሞተሩ የታወከ እንደ ሆነ መካኒኩ በዕቃው፣ ሻጩ በአገጣጠሙ ያመካኛል፤ ባለንብረቱም በመካከል ይቀራል። ይህ እንዳይሆን የዕቃው ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ይያዝ፤ ማሸጊያው አይጣል፤ መካኒኩም ዕቃውን መርምሮ ለሥራው የሚስማማ መሆኑን ከመግጠሙ በፊት በፊርማው ይቀበል። የተፈቱት አሮጌ ዕቃዎችም ለባለንብረቱ ይመለሱ። መለዋወጫ የሚያስመጡና የሚሸጡ አንባቢዎቻችንም በደረሰኛቸው ላይ የዕቃውን ቁጥርና የተሠራበትን ሀገር ቢጽፉ ራሳቸውን ከሐሰት ክስ ይጠብቃሉ።

ውሉ በቅድሚያ

ሞተር ከመፈታቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ዝርዝር፣ ዋጋው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ዋስትናው በወርና በኪሎ ሜትር፣ ክርክር ቢነሣም የሚዳኘው ሰው በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ። ለጋራዡም ቢሆን ይህ ጥቅም አለው። ባለንብረቱ ገንዘብ ለመቈጠብ ቴስታታው እንዳይላግ ወይም አሮጌው ፖምፓ እንዲቀጥል ያዘዘ እንደ ሆነ፣ ትእዛዙ ከተጻፈ በኋላ የመጣው ጉዳት በመካኒኩ ላይ አይጫንም።

ሥራው አልቆ መኪናው ሲወጣ ሳይጫን ዳገት ባለበት መንገድ ይፈተን። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ዘይቱ ይለወጥ፤ የወጣውም ዘይት የብረት ብናኝ እንዳለበት ይታይ። እስከዚያ ድረስ ከባድ ጭነት ባይጫንበት ይመረጣል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፣ መኪናውን ከጋራዥ ለማውጣት የሚቸኩል ነጋዴ ያተረፋትን አንድ ቀን በብዙ ሳምንት ይከፍላታል። ጉድለትንም ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ከሁሉ ይበልጣል። ቀኑን የጻፈ፣ ደረሰኙን ያስቀመጠና ምልክቱን አይቶ የቆመ ባለንብረት በሽማግሌ ፊትም ሆነ በዳኛ ፊት የሚናገረው አያጣም።