የጋራ መከላከያ ውል አባላቱ በጦርነት ጉዳይ ሲለያዩ ምን ያስገድዳል?

አገሮች የሚገቡት የጋራ መከላከያ ቃል ኪዳን በአንዱ አባል ላይ የተፈጸመ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተፈጸመ ይቆጠራል በሚል መርህ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁንና አንዱ አባል ሲወረር ሌሎቹ ለመዝመት ካልተስማሙ ውሉ ምን ያህል ያስገድዳቸዋል የሚለው ጥያቄ ዘወትር አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ከሕግ ባለሙያዎች ክርክር ያለፈ ትርጉም ያለው ሲሆን፣ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ለአምስት ዓመት ወረራ ከዳረጓት ምክንያቶች አንዱም መልስ ማጣቱ ነበር።

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1923 ነው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ ውሉን ጥሶ ጦርነት የጀመረ አባል በሁሉም አባላት ላይ ጦርነት እንደከፈተ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። በአንቀጹ መሠረት አባላቱ ከአጥቂው ጋር ያላቸውን የንግድና የገንዘብ ግንኙነት ማቋረጥ ግዴታቸው ሲሆን፣ ጦር ማዝመትን በተመለከተ ግን የማኅበሩ ምክር ቤት ሐሳብ ከማቅረብ ያለፈ ሥልጣን አልተሰጠውም። ከዚህም በላይ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳለፈው የትርጓሜ ውሳኔ ውሉ መጣሱን የመወሰን መብት ለእያንዳንዱ መንግሥት ተትቷል። በመሆኑም የግዴታው ክብደት በየአገሩ መንግሥት ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

ፋሽስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1935 ወረራውን በጀመረች ጊዜ ምክር ቤቱ በአራት ቀናት ውስጥ አጥቂነቷን አረጋገጠ። በጉባኤውም 50 አገሮች ይህንኑ ሲደግፉ ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባኒያ ሳይስማሙ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 18 ቀን 1935 ጀምሮ የተጣለው ማዕቀብ የጦር መሣሪያ፣ የብድርና ከኢጣሊያ የሚገቡ ሸቀጦች እገዳን ያካተተ ቢሆንም፣ ለወራሪው ጦር እንቅስቃሴ ወሳኝ የነበረው ነዳጅ በዝርዝሩ አልተካተተም። የስዊዝ ቦይም ለኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ።

የልዩነቱ መንስኤ የአባላቱ ጥቅም የተለያየ መሆኑ ነበር። ፈረንሳይ በጀርመን መጠናከር ሥጋት ስለገባት የኢጣሊያን ወዳጅነት ማጣት አልፈለገችም። ብሪታንያ በበኩሏ በሜዲትራኒያን ባሕር ብቻዋን ጦርነት እንዳይገጥማት ሰግታ፣ የጦር መርከቦቿ ቢጠቁ ፈረንሳይ ትደርስላት እንደሆነ ጠይቃ በመጀመሪያ ያገኘችው መልስ ግልጽ አልነበረም። አንዱ አባል ሌላው አይከተለኝም ብሎ ሲያመነታ የጋራ ዋስትናው ተዳከመ።

የመለያየቱ ውጤት ምን ሊሆን ይችል እንደነበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1935 የተዘጋጀው የሆርና የላቫል ዕቅድ ያሳያል። የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ያዘጋጁት ይህ ዕቅድ፣ የኢትዮጵያን ግዛት ከፊሉን ለኢጣሊያ ከመስጠቱ ሌላ ደቡቡን የኢጣሊያ የኢኮኖሚና የሠፈራ ቀጠና ያደርግ ነበር። የቀጠናው ሰሜናዊ ወሰን 8ኛው የኬክሮስ መስመር፣ ምዕራባዊ ወሰኑም 35ኛው የኬንትሮስ መስመር ነበር። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሚገኙት ሚዛን ተፈሪ፣ ሸዋ ቤንችና ቴፒ ከነቡና መሬታቸው በዚሁ መስመር ውስጥ ይወድቃሉ። የአካባቢው ሕዝብ በማያውቀው ድርድር በስም በኢትዮጵያ ሉዓላዊነት ሥር እየኖረ መሬቱ ለባዕድ ሰፋሪ ሊታጭ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው። ዕቅዱ በፓሪስ ጋዜጦች በመጋለጡ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሥቶ ሆር ሥልጣን ሲለቁ ዕቅዱም ውድቅ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የዕቅዱ መክሸፍ ለኢትዮጵያ አጋር ጦር አላስገኘላትም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቭ አቤቱታቸውን ካሰሙ ከቀናት በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡ እንዲነሣ ወሰነ። በደቡብ ምዕራብ ይዋጉ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማረኩ።

ከዚህ ተሞክሮ በመነሣት ኢትዮጵያ በኮሪያ ጦርነት ለጋራ ደኅንነት መርህ መሥዋዕትነት ከፍላለች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1950 ያሳለፈው ውሳኔም አስገዳጅ ሳይሆን ጥሪ የሚያቀርብ ነበር። ጥሪውን ተቀብለው ተዋጊ ጦር ያዘመቱት 16 አገሮች ሲሆኑ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከተከታዮቹ ሻለቆች ጋር ከ120 በላይ ጀግኖቹን በዚያ ጦርነት አጥቷል።

አጋርነት ወሰን እንዳለው የሶማሊያ ወረራም አሳይቷል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ከኢትዮጵያ ጋር የጋራ መከላከያ ስምምነት ብትፈራረምም በ1977 ጦር አላዘመተችም፤ ሆኖም ለሶማሊያ የጦር መሣሪያ የጫነ የግብፅ አውሮፕላን በናይሮቢ እንዲያርፍ በማስገደድ ድጋፏን ገልጻለች። ከ10 ሺህ በላይ ወታደሮቿን በኦጋዴን ያሰለፈችው ኩባ ደግሞ በኤርትራ ግንባር እንድትዋጋ ስትጠየቅ፣ ጉዳዩ የውስጥ በመሆኑ ፖለቲካዊ መፍትሔ ይሻል በማለት ከውጊያው ተቆጥባለች።

በሌላውም ዓለም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1914 የጀርመንና የኦስትሪያ ሃንጋሪ አጋር ሆና ሳለ፣ ውሉ ለመከላከል እንጂ ለማጥቃት አይደለም ብላ ገለልተኛ ሆናለች። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ኔቶ 5ኛ አንቀጽም እያንዳንዱ አባል አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን እርምጃ እንዲወስድ ይጠይቃል እንጂ ጦር እንዲያዘምት በስም አያዝም። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ፈረንሳይና ጀርመን ሲቃወሙ፣ የቱርክ ፓርላማም የአሜሪካን ጦር በግዛቱ ለማስተናገድ ሳይፈቅድ ቀርቷል።

የአፍሪካ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2005 በአቡጃ የጋራ መከላከያ ውል ያጸደቀ ሲሆን፣ ውሉ በታኅሣሥ 2009 ሥራ ላይ ውሏል። በአንድ አባል ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሁሉም ሥጋት መሆኑን የሚገልጸው ይህ ውል ጽኑ የሚሆነው ጥቃት መድረሱን ማን እንደሚወስን፣ እያንዳንዱ አባል ምን እንደሚያዋጣና በስንት ቀን እንደሚደርስ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። በጄኔቭ የጎደለው ይኸው ነበር፤ ኢትዮጵያ መወረሯን 50 መንግሥታት ቢመሰክሩላትም አንድም ጦር አልደረሰላትም።